ብሬን ሰው ያስተዳድርልኝ ወይስ ራሴ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። 400 ሺህ ብር ቆጥቤያለሁ። አንድ የማውቀው ሰው «አክሲዮን እየገዛሁ እየሸጥኩ ላሳድግልህ፤ በዓመት 2 ከመቶ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 ከመቶ ትከፍለኛለህ» አለኝ። ራሴ ብገዛስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካልኩሌተርህን አውጣ። 2 ከመቶው 8 ሺህ ብር ነው፤ ብትከስርም ትከፍላታለህ። ዓመቱ ቀንቶህ 60 ሺህ ብታተርፍ ደግሞ ሌላ 12 ሺህ ይወስዳል። 40 ሺህ ቀረህ ማለት ነው፣ ኪሳራ ሲመጣ ግን ሙሉው ያንተ!

ታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት ዋረን ባፌት በዚሁ ጉዳይ 1 ሚሊዮን ዶላር ተወራርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2017 ድረስ፣ ባለሙያ ከሚያገላብጣቸው ውድ ፈንዶች (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛባቸው) ይልቅ፣ የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በጅምላ ይዞ ዝም ብሎ ገበያውን የሚከተለው ርካሽ ፈንድ በለጠና አሸነፈ።

የኛ የአክሲዮን ገበያ ገና ጨቅላ ነው፤ አዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ጥር 2017 ዓ.ም ነው። እኔ ብሆን ራሴ እገዛለሁ፣ ግን ቀስ እያልኩ። የሱቅህን የስድስት ወር ኪራይ አትንካ፤ የቀረውንም የአንድ ባንክ አክሲዮን ላይ አትከምር።

ሰውዬውንስ? የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድህን አሳየኝ በለው። መንተባተብ ከጀመረ፣ ብሩን ይዘህ አሞራ ገደል ወርደህ ዓሣ ብትበላበት ይሻልሃል።