በረዶ ፎቶ ሳነሳ ውዬ ሌሊት ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ላቭላንድ ፓስ ወደሚባለው የተራራ መተላለፊያ ወጥተን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ስናነሳ ዋልን። በረዶው ሌሊቱን የወረደ፣ ሰማዩ ደመና የሌለበት ነበር። የፀሐይ መነጽር ይዤ ነበር፤ በመነጽሩ ሳየው የካሜራው ስክሪን ስለሚጠቁርብኝ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። ፀሐይዋ የተራራው ጫፍ ላይ ስትሆን በረጅም ሌንስም አንስቻታለሁ። ማታ ደህና ነበርኩ፤ መኪናውን የነዳሁትም እኔ ነኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ግን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስል እየቆረቆረኝ ነቃሁ። እንባዬ ዝም ብሎ ይፈሳል፤ የስልኬን መብራት እንኳ ማየት አልቻልኩም። ጓደኛዬ ቤቱ የነበረ የዓይን ማደንዘዣ ጠብታ ሰጥቶኝ ወዲያው ተሻለኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ጠብታውን ልቀጥል? ዓይኔ ላይ የሚቀር ጉዳት ይኖራል? በረዶ ማንሳቱንስ ልተው?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎ። ከሁሉ በፊት ያን ጠብታ አሁኑኑ ያቁሙት፤ የተረፈውንም ለጓደኛዎ አይመልሱለት፣ ይጣል። ማደንዘዣ ሕመሙን ያጠፋዋል እንጂ ቁስሉን አያድነውም። እኛ ሐኪሞች አንድ ጠብታ የምናደርገው ለመመርመር እንዲመቸን ነው፤ ለቤት ግን አንሰጥም። ደጋግሞ የሚያደርገው ሰው ዓይኑን ሲያሸው እንኳ አይሰማውም። የተጎዱትን ሕዋሳት የሚተኩት አዲሶቹም በመድኃኒቱ ምክንያት በወጉ አያድጉም። በሁለት ቀን ሊድን የነበረው ጭረት ወደ ጥልቅ ቁስል፣ ከዚያም ወደ ጠባሳ የሚሄደው እንዲህ ነው።

የደረሰብዎት የዓይን ቃጠሎ ይመስለኛል። ከዓይናችን ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ኮርኒያ እንለዋለን፤ አገር ቤት ዓይን ባንክ «የዓይን ብሌን ለግሱ» ሲል የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። በዓይን የማይታየው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የዚህን ሽፋን የላይኛውን ንጣፍ ያቃጥለዋል። የተቃጠሉት ሕዋሳት ግን እዚያው ወዲያው አይረግፉም፤ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆያሉ። ሲረግፉ ከሥራቸው ያሉት የነርቭ ጫፎች ራቁታቸውን ይቀራሉ። ለዚህ ነው ቀን ምንም ሳይሰማዎት፣ በሰላም ነድተው ገብተው፣ ሌሊት የነቁት።

አዲስ አበባ ውስጥ በብየዳ የሚተዳደሩ ልጆች ይህን ሌሊት በደንብ ያውቁታል። «አንዲት ነጥብ ብቻ ናት» ብለው ያለ መነጽር የበየዱ ቀን፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዓይናቸውን በጨርቅ ይዘው ቤተሰብ ይቀሰቅሳሉ። የሚያቃጥለው ጨረር ያው ነው፤ እነሱን ከብየዳው ብልጭታ፣ እርስዎን ከበረዶው ላይ አገኛችሁ። እንዲህ ያለውን ታካሚ ስንመረምር ዓይኑን ብርቱካናማ ቀለም ባለው ስስ ወረቀት ጫፍ ነካ እናደርግና በሰማያዊ መብራት እናየዋለን። ጤናማ ኮርኒያ ቀለሙን አይዝም። የተቃጠለው ግን በመርፌ ጫፍ የተጠቀጠቀ ይመስል በጥቃቅን አረንጓዴ ነጥቦች ያበራል። አብዛኛውን ጊዜ ነጥቦቹ የዓይን ቆብ በማይሸፍነው፣ ለብርሃን በተጋለጠው መሐል ላይ ናቸው።

«እኔ ከፍታ ላይ ያደግሁ ነኝ፣ ፀሐይ መቼ ይበግረኛል» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እርግጥ ነው አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋም ቀላል አይደለችም። ልዩነቱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ሣርና አፈር ከሚያርፍባቸው አልትራቫዮሌት ጨረር የሚመልሱት ከ10 በመቶ በታች ነው፤ አዲስ የወረደ በረዶ ግን እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ይረጨዋል። ላቭላንድ ፓስ ደግሞ 3,655 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ እርስዎ ካሉበት ከዴንቨር አካባቢ እዚያ ሲወጡ አምስተኛ ያህል ይጨመርብዎታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጨረሩ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ዓይናችን የተሠራው ከላይ ለሚመጣ ፀሐይ ነው፤ ቅንድብና የላይኛው ቆብ ይጋርዱታል፣ ኮፍያም ያግዛል። በረዶ ግን ከታች ወደ ላይ ይወጋል፤ ከታች መጋረጃ የለንም። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑዊቶች ይህን ስላወቁ ከአጥንትና ከእንጨት መነጽር ይጠርቡ ነበር፤ የሚያዩትም በመሐሉ ባለች ስስ ስንጥቅ ብቻ ነበር።

አሁን ምን ያድርጉ? ኮንታክት ሌንስ ካለዎት አውጥተው እስኪድኑ አይመልሱት። ክፍልዎን ያጨልሙ፤ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ጨምቀው በተጨፈነው ዓይን ላይ ያድርጉ። ከፋርማሲ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ሰው ሠራሽ እንባ ገዝተው ቶሎ ቶሎ ጠብ ያድርጉ። ለሕመሙ የሚዋጥ ማስታገሻ ይውሰዱ፤ ታይሌኖል ወይም፣ የጨጓራና የኩላሊት ችግር ከሌለብዎት፣ አይቡፕሮፌን ይሆናል። ማሸት የለም። እስኪሻልዎት መኪና አይንዱ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ እንዳያመረቅዝ የሚቀባ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝልዎት ይችላል። አገር ቤት ደውለው ከነገሩ «ወተት ጠብ አድርግበት» ወይም «ድንች ቆርጠህ አስቀምጥበት» መባልዎ አይቀርም፤ በፍቅር ነው የሚሉት፣ ግን እሺ አይበሉ። የላይኛው ንጣፍ የተገፈፈ ዓይን ለጀርም በሩ ክፍት ነው፤ ወተትም ሆነ ድንች ጀርም ይዞ ይገባል።

ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ያ ንጣፍ ራሱን ይተካል፤ ጠባሳም አይተውም። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ኮርኒያዎ እንደሚድን ተስፋዬ ትልቅ ነው። ሕመሙ ከሁለት ቀን በኋላ ካልቀነሰ፣ አንዱን ዓይን ብቻ ለይቶ ካመመ፣ መግል የመሰለ ፈሳሽ ከመጣ፣ ወይም በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። እርስዎ ማደንዘዣውን ስለተጠቀሙ ባይብስብዎትም በዚህ ሳምንት ቢታዩ እመርጣለሁ።

በረዶ ማንሳቱን አይተዉ። የሚተዉት መነጽሩን ኪስ ውስጥ መክተቱን ነው። ስክሪኑ የጠቆረብዎት መነጽርዎ ፖላራይዝድ (ነጸብራቅ የሚቀንስ) ስለሆነ ነው፤ የካሜራም የስልክም ስክሪን በተወሰነ አቅጣጫ ሲያዩት በእንዲህ ያለ መነጽር ድርግም ይላል። ካሜራውን ወደ ጎን ሲያዞሩት ተመልሶ ይበራል። ይህችው ትንሽ ችግር ስንቱን ፎቶ አንሺ መነጽሩን አስወልቃለች! ለፎቶ ፖላራይዝድ ያልሆነ፣ ግን አልትራቫዮሌትን እንደሚያግድ የሚያሳይ «ዩቪ 400» የሚል ምልክት ያለው፣ ጎንና ጎኑን አቅፎ የሚይዝ መነጽር ይግዙ፤ በክር አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት። ጥቁረቱ ብቻ አያታልልዎት። ጨረሩን የማያግድ ጥቁር መስታወት ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስለሚያሰፋው ጨረሩን እንዲያውም ይጋብዘዋል። ስስ ደመና ሲኖርም አያውልቁት፤ አብዛኛው ጨረር አልፎ ይመጣል። በረዶው ፎቶው ላይ ግራጫ ሆኖ እንዳይወጣ ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን (ኤክስፖዠሩን) ከአንድ እስከ ሁለት እርከን (ስቶፕ) ከፍ ያድርጉና ውጤቱን የብርሃኑን ስርጭት በሚያሳየው ግራፍ፣ በሂስቶግራሙ፣ ይፍረዱ፤ ስክሪን ላይ አፍጥጦ መገመት አያስፈልግም።

ቆዳችን ጥቁር መሆኑ ከቃጠሎ በመጠኑ ይጠብቀናል፤ ኮርኒያ ግን የማንም ሰው ቢሆን ቀለም የለውም። ቆዳም ቢሆን ከንፈርን፣ ከአፍንጫ ሥርና ከአገጭ በታች ያለውን አይርሱ፤ የመከላከል ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀቡት።

ከደብዳቤዎ እኔን ያሳሰበኝ ያመመዎት ነገር አይደለም። ፀሐይዋን በረጅም ሌንስ አንስቻታለሁ ያሉት ነው። ካሜራዎ መስታወት ያለው የድሮው ዓይነት ከሆነና በማያው ቀዳዳ ዓይንዎን አስጠግተው ፀሐይዋን አይተው ከሆነ፣ ሌንሱ ብርሃኗን ሰብስቦ በዓይን ውስጥ ከኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ በሬቲና፣ ላይ ያሳርፈዋል። ሬቲና ሕመም አይሰማውም፤ ቢቃጠል አይቆረቁርም፣ አያስለቅስም፣ አንዳንዴም ጉዳቱ አይመለስም። መስታወት አልባ በሆኑት አዲሶቹ ካሜራዎች የሚያዩት ስክሪን ስለሆነ በዚህ በኩል አደጋው የለም። በድሮው ዓይነት ግን ፀሐይ ፍሬሙ ውስጥ ካለች በማያው አይዩ፤ ምስሉን በጀርባው ስክሪን ላይ አውጥተው ያንሱ።

ቁርቁሩ ከለቀቀዎት በኋላ አንድ ጠዋት በር ፊት ለፊት ይቁሙ። አንዱን ዓይን በመዳፍዎ ሸፍነው የበሩን ቋሚ ጠርዝ ይመልከቱ፤ ከዚያ ሌላውን። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከታየ ደህና ነው። ከጎበጠ፣ ከተሰበረ፣ ወይም በሚያዩት ነገር መሐል ላይ የማይለቅ ጥላ ካለ፣ ያን ዕለቱኑ የሬቲና ሐኪም ዘንድ ይደውሉ፤ ፀሐይን በካሜራ አይቻለሁ ብለውም ይንገሯቸው።