ማይኩ ኋላ ወንበርም ይድረስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ናቸው። ፐብሊክ ሌክቸር፣ የባህል ምሽት፣ ባዶ አዳራሽ፣ የማይደርስ ማይክ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አልተማርኩም። በምኖርበት አካባቢ ባለው ግቢ በር ላይ «ለሁሉም ክፍት» የሚል የሌክቸር ማስታወቂያ በተደጋጋሚ አያለሁ። መግባት እፈልጋለሁ፤ ግን በወጣቶች መሀል አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ምን ይባላል? ባይገባኝስ?

መልስ፦ አባቴ፣ ይግቡ። ማስታወቂያው በር ላይ የተለጠፈው እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው፤ ተማሪውማ ውስጥ ካለው ሰሌዳም ያነበዋል። ደግሞ ይሄ ዩኒቨርሲቲዎች ትናንት የጀመሩት ነገር አይደለም። ፓሪስ ውስጥ ኮሌዥ ደ ፍራንስ የሚባል በ1530 የተመሠረተ ተቋም አለ። በየሙያቸው አንቱ የተባሉ ፕሮፌሰሮች ያስተምሩበታል፤ ግን ዲግሪ አይሰጥም፣ ምዝገባም ክፍያም የለም፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ይሰማል። ለንደን ያለው ግሬሻም ኮሌጅም በ1597 ሲመሠረት ጀምሮ ሥራው ለሕዝብ በነፃ ሌክቸር መስጠት ነው። ተመዝግቦ የሚማር የራሱ ተማሪ የለውም። የሚያስተምረው የመጣውን ሰው ነው።

ባይገባኝስ ላሉት፣ የተወሰነው አይገባዎትም። ይሄ በማንም ላይ የሚደርስ ነው፤ ፕሮፌሰርም ከራሱ ሙያ ውጭ ያለ ሌክቸር ላይ ሲቀመጥ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። አንድ ነገር ብቻ ይለዩ፤ የዲፓርትመንት ሴሚናር ለባለሙያዎች የሚቀርብ ነው፣ እዚያ ተናጋሪው መሠረታዊውን ነገር ዘሎ ሊሄድ ይችላል። ፐብሊክ ሌክቸር ላይ ግን ለማያውቅ ሰው የማስረዳት ግዴታው የእሱ ነው። ስለዚህ ካልገባዎት ጥፋቱን ሁሉ ራስዎ ላይ አይጫኑ። መታወቂያ ይያዙ፣ የአዳራሹን ስም ጽፈው ይሂዱ፣ ትንሽ ቀደም ብለው ይድረሱ፣ ደብተር አይርሱ። ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዳይ ብዙ መደበኛ ትምህርት ያላገኘ፣ የመጽሐፍ ጥረዛ የሚማር ወጣት እያለ በ1812 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሃምፍሪ ዴቪን የኬሚስትሪ ሌክቸሮች ገብቶ ሰማ። የጻፈውን ማስታወሻ በደንብ ገልብጦ፣ ጠርዞ፣ ለራሱ ለዴቪ ላከለት። በ1813 እዚያው ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በኋላ ራሱ ለሕዝብ ሌክቸር በመስጠት ስሙ ገነነ።

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሌክቸር ላይ ጥያቄ ይመጣልኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እጄን ላነሳ ስል ሌላ ሰው ይቀድመኛል። ሁሌ የሚጠይቁት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹማ ጥያቄም የላቸው፣ ማይኩን ይዘው ሌላ ንግግር ነው የሚያደርጉት። ከሴቶቹ ብዙዎቻችን ዝም ብለን እንወጣለን። ችግሩ የኔ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ ተመራማሪዎቹ በ10 አገሮች፣ በ35 ተቋማት ውስጥ ወደ 250 የሚጠጉ ሴሚናሮች ላይ ተቀምጠው ማን እንደሚጠይቅ ቆጠሩ። አንድ ወንድ ታዳሚ ጥያቄ የመጠየቅ ዕድሉ ከአንዲት ሴት ታዳሚ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በላይ እኔን የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ሲጠይቅ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት ሴቶች ድርሻ ያንሳል። ስለዚህ አወያዩ መጀመሪያ ለማን ዕድል ሰጠ የሚለው ተራ ነገር አይደለም። ጥያቄ ያላቸው ሴቶች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ መድረኩ ነው ያልደረሳቸው።

አንቺ ማድረግ የምትችይው አለ። ሌክቸሩ እየተሰጠ ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። ስትጠይቂ አንብቢው፤ ማንበብ ነውር የለውም። መሀል ላይ ሳይሆን መተላለፊያው አጠገብ ተቀመጪ፣ ማይክ የሚያዞረው ልጅ ቶሎ ይደርስሻል። እጅሽን ገና ጭብጨባው ሳያልቅ አንሺ። አልሆነም? ሲያልቅ ወደ ተናጋሪው ሂጂ፤ ብዙዎቹ እንደዚህ ያለ ሰው ሲመጣ ደስ ነው የሚላቸው።

ግን ዋናውን ሥራ መሥራት ያለበት አወያዩ ነው፤ ይሄን የምታነቡ አወያዮች ካላችሁ እባካችሁ ስሙኝ። ተናጋሪው ሰዓቱን ሲጨርስ አስቁሙት። የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ከሆነ ቢያንስ 20 ደቂቃ ለጥያቄ ይቅር። «ጥያቄ ያለው?» ብላችሁ ወዲያው እጅ ከመፈለግ በፊት፣ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ሁለት ደቂቃ እንዲያወራ አድርጉ፤ ያኔ ዝምተኛውም ሐሳቡን አንዴ ጮክ ብሎ ሞክሮታል። የመጀመሪያውን ዕድል ለሴት፣ ለተማሪ ወይም ከውጭ ለመጣ ሰው ስጡ። ማይክ ይዞ ንግግር የሚጀምረውንም «ጥያቄዎ ምንድን ነው?» ብሎ በትህትና ማቋረጥ ሌላውን ሁሉ ማክበር ነው።

ይሄ ነገር ትልልቆቹንም ያስጨነቀ ነው። ፈላስፋው ሚሼል ፉኮ በዚያው በኮሌዥ ደ ፍራንስ ሲያስተምር አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሳ ከሚሰማው ሰው ጋር መነጋገር አልቻለም። በ1976 ሕዝቡ እንዲቀንስና ውይይት እንዲኖር ብሎ ሰዓቱን ከአመሻሽ ወደ ጠዋት አዛወረው። ሙሉ አዳራሽ እያለው ጥያቄ የናፈቀው ሰው ነበር።

ጥያቄ፦ የተማሪዎች ክበብ ሰብሳቢ ነኝ። 300 ሰው የሚይዝ አዳራሽ አስፈቅደን፣ ፖስተር ለጥፈን፣ እንግዳ ጋብዘን፣ የመጣው 30 ሰው ነው። እንግዳው ፊት አፈርን። ተስፋ ቁረጡ ነው የምትለን?

መልስ፦ በፍጹም! 30 ሰው ጥሩ ቁጥር ነው፤ አዳራሹ ነው የበዛው። 40 ሰው የሚይዝ ክፍል ውሰዱ፣ ወንበሩን በግማሽ ክብ አድርጉት፣ ያው 30 ሰው ሞቅ ያለ ጉባኤ ይሆናል። በ1928 ካምብሪጅ ውስጥ የሁለት የሴቶች ኮሌጆች የተማሪ ማኅበራት ደራሲዋን ቨርጂኒያ ዎልፍን ስለ ሴቶችና ልቦለድ እንድትናገርላቸው ጋበዟት። ጋባዦቹ እንደ እናንተ ተማሪዎች ነበሩ። ከእነዚያ ንግግሮች የተነሳው መጽሐፍ በ1929 ታትሞ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይነበባል።

ፖስተራችሁን ግን እዩት። የእንግዳው ማዕረግና የስፖንሰሮች አርማ ሞልቶት ከሆነ ማንም አይቆምለትም። ከላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ሰው መልሱን ሊሰማ የሚጓጓለት ጥያቄ። የፈተና ሳምንትን ራቁ። እንግዳውንም ማን እንደሚመጣ፣ ስንት ሰው እንደምትጠብቁ ቀድማችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ሐፍረቱ የሚመጣው 300 ብላችሁ 30 ሲገኝ ነው።

ጥያቄ፦ የባህል ምሽት ላይ እጨፍራለሁ። ስንት ሳምንት ተለማምደን፣ ንግግሩ ረዝሞ እኛ ጋ ሲደርስ «አሳጥሩት» እንባላለን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ያናድዳል፣ እውነትሽን ነው። ለንግግር ሲባል ጭፈራ የሚቆረጥበት ምሽት የባህል ምሽት አይደለም። የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል ቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ንግግሮቹ ከሁለት እንዳይበልጡና ሰዓታቸው እንዲወሰን ጠይቁ። ድምፁ አዳራሹ ውስጥ በዕለቱ ሳይሆን በዋዜማው ይሞከር። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ከእናንተ አንዱ ጭፈራው የማን እንደሆነ፣ መቼና ለምን እንደሚጨፈር ለተመልካቹ በአጭሩ ይንገር። ምን እንደሚያይ ያወቀ ተመልካች አሳጥሩት አይልም። ከውጭ የመጣ ባለሙያ አሠልጥኗችሁ ከሆነ ይከፈለው፤ መድረክ ላይም ስሙ ይጠራ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮው ይለቀቃል፤ ለምን እሄዳለሁ?

መልስ፦ ሩቅ ከሆንክ፣ ሥራ ከያዘህ ወይም አዳራሹ ለዊልቸር የማይመች ከሆነ ቪዲዮው ትልቅ ነገር ነው፤ አዘጋጆችም ይልቀቁት፣ ከነጽሑፉ ቢሆን ደግሞ ጆሮው ለማይሰማም ይደርሳል። ግቢው ቅርብህ ከሆነና ጊዜ ካለህ ግን ሂድ። ቪዲዮ ላይ እጅ ማንሳት አትችልም።