ሮሜ 7፥18 («በእኔ ማለት በሥጋዬ በጎ ነገር እንዳይኖር አውቃለሁና» የሚለው) እና ዘፍጥረት 1፥31 ይጋጫሉ ወይ ላልከው

አይጋጩም። ዘፍጥረት «እጅግ መልካም» ያለው እግዚአብሔር የፈጠረውን ነው። ጳውሎስ የሚያወራው ደግሞ ከውድቀት፣ ማለትም ከአዳም ኃጢአት፣ በኋላ ስላለው ሰው ነው። «ታዲያ ስንፈጠር ክፉ ነን?» ላልከው፣ አይደለንም። ሰው መልካም ሆኖ ተፈጠረ፣ ኋላ ታመመ።

የሮሜውን ጥቅስ እስከ መጨረሻው አንብበው። «በእኔ» ብሎ አያቆምም፤ «ማለት በሥጋዬ» ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሥጋ ሲል ቆዳና አጥንትህን ብቻ ማለቱ አይደለም። ገላትያ 5፥20ን እይ። የሥጋ ሥራ ከሚላቸው ውስጥ ጣዖት ማምለክ፣ ጥልና ቅንዓት አሉ። ቅናት የትኛው ጡንቻ ላይ ነው ያለው?

ከዚያ ወደ ሮሜ 7፥22 ውረድ። ያው ሰውዬ በውስጡ ሰውነቱ በእግዚአብሔር ሕግ ደስ እንደሚለው ይናገራል። ምንም መልካም ነገር ባይቀረው ኖሮ ያ ሁሉ ትግል ከየት ይመጣል? (ውድቀቱ ሰውን ምን ያህል ጎዳው በሚለው ላይ ኦርቶዶክሱና የፕሮቴስታንቱ መምህር የካልቪን ተከታይ አይስማሙም። ፍጥረት መልካም ነበር በሚለው ላይ ግን ጠብ የላቸውም።)

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ ይቺን ጥቅስ ለዓመታት ማምለጫ አድርጌያት ነበር። ወንድሜን አስቀይሜ «ምን ላድርግ፣ ሥጋ ለባሽ ነኝ» እል ነበር። የንስሐ አባቴ አንድ ቀን ሰምተው «ጳውሎስ እኮ እያዘነ ነው የጻፈው፤ አንተ ታሳብባለህ» አሉኝ። አፈርኩ። ቁጥር 24ን ሳነበው ገባኝ፤ «ምንኛ ጎስቋላ ሰው ነኝ» ይላል። ስለዚህ ምዕራፍ 7 ላይ አትቁም፣ 8ንም አያይዘህ አንብብ።