ኦዲት ያደረገችው የእህቴ ልጅ

ልጆቼ፣ ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት ሆና ኦንላይን ኮርስ ስትማር ከረመች። ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር፣ ስልኳን ከቻርጀሩ ሳትነቅል። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቪዲዮ አላለፋትም። ስትጨርስ «ጋሼ፣ ሰርተፊኬቱስ የታል?» ብላ ስልኳን አቀበለችኝ። ምዝገባዋን ከፍተን አየን። ለካ «ኦዲት» የሚለውን ነክታ ነው የገባችው።

ምን ታድርግ! እኛ ዘንድ ኦዲት ማለት ሒሳብ መመርመር ነው። «መጨረሻ ላይ የሚመረምሩኝ መስሎኝ» አለች። በኦንላይን ትምህርት ግን ኦዲት ማለት በነፃ ገብቶ ማዳመጥ ነው። ብዙ ጊዜ ፈተናው አይታረምም፣ ሰርተፊኬትም የለውም። ወረቀቱን የፈለገ ይከፍላል፣ ወይም አቅም የለኝም ብሎ ያመለክታል። ትምህርቱ አልጠፋባትም። ለሥራ ማመልከቻ የምታያይዘው ወረቀት ግን የለም።

እኔም ከሷ አልሻልም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አንድ ዌቢናር፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሰጥ ስልጠና ላይ ተጋብዤ ነበር። ጥሪው «ሲንክሮነስ» ይላል፤ አስተማሪና ተማሪ በአንድ ሰዓት የሚገናኙበት ማለት ነው። ሰዓቱ 12፡00 ዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት። ማታ 12 ሰዓት ላይ ኮቴን ለብሼ፣ መነጽሬን ጠርጌ ቁጭ አልኩ። ለካ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ኖሯል። ሦስት ሰዓት ዘግይቼ ባዶ ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ። «አሲንክሮነስ» ቢሆን ኖሮ ቪዲዮው ይጠብቀኝ ነበር። «ሰልፍ ፔስድ» ሲሏችሁ ደግሞ በራሳችሁ ፍጥነት ነው፤ አንዳንዱ ግን መዝጊያ ቀን አለው፣ እሱን ሳታዩ አትዘናጉ።

«ሞጁል» ሲባል የርቀት ትምህርት የተማረ ሰው ትዝ የሚለው ጥራዙ ነው። ኦንላይን ላይ የኮርሱ አንድ ክፍል ነው። «ኤልኤምኤስ» ኮርሱ የሚቀመጥበት፣ ውጤቱም የሚመዘገብበት ሶፍትዌር ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ሙድል ከነዚህ አንዱ ነው።

«ፎርማቲቭ» እና «ሰመቲቭ» የሚባሉት ምዘናዎች ግን ለጎጃም ሰው እንግዳ ሊሆኑ አይገባም። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለትም ራሱ የደረሰውን ቅኔ ይዞ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። የተሳሳተው ይታረምለታል። በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ነጥብ የሚይዝበት የለም። ፎርማቲቭ ማለት ይኸው ነው፤ እየተማርክ የምትታረምበት። ሰመቲቭ መጨረሻ ላይ ቻልክ አልቻልክም የሚባልበት ነው። በየቪዲዮው መሀል ያለችውን ኩዊዝ ስትስቱ ኮርሱን ጥላችሁ የምትወጡ ልጆች አውቃለሁ። ነገራ ላይ ተሳስቶ ከጉባኤ ቤት የወጣ ተማሪ ሰምታችኋል? ኩዊዙ ከውጤቱ የሚታሰብ መሆን አለመሆኑን ብቻ ቀድማችሁ እዩ።

መሥሪያ ቤት ስትገቡ ደግሞ «ቲኦቲ» ትሰማላችሁ፤ የአሰልጣኞች ስልጠና ነው። ቀጥሎ «ካስኬድ» ይመጣል። የሰለጠነው ሰው ተመልሶ ሌሎቹን ማሰልጠን አለበት ማለት ነው። ስንቱ አበሉን ተቀብሎ ማኑዋሉን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎታል! (እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ፣ ዛሬም ያሳፍረኛል።)

በስልጠናው መጨረሻ የምትሞሉት ቅጽም የራሱ ደረጃ አለው። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ በ1959 እ.ኤ.አ. የስልጠናን ግምገማ በአራት ደረጃ ከፈለው። ሰልጣኙ ወደደው ወይ? አወቀ ወይ? ሥራው ላይ አዋለው ወይ? መሥሪያ ቤቱስ ምን አተረፈ? ያ ቅጽ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሻዩ ዘገየ ብለን ሞልተን እንሄዳለን። ከስልጠናው በፊትና በኋላ የሚሰጡት «ፕሪ ቴስት» እና «ፖስት ቴስት» ሁለተኛው ናቸው። ሦስተኛውን፣ ማለትም ወራት ቆይቶ እሠራበት የነበረው ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ የተማርነውን እየሠራንበት እንደሆነ ያየ ሰው፣ በሥራ ዘመኔ ሁለቴ ብቻ ነው ያጋጠመኝ።

የእህቴ ልጅ እንደገና ልትመዘገብ ነው። ትናንት ምንም ሳትነካ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ‹ፍሪ ትራያል› ማለትስ?»

«ለጥቂት ቀን ነፃ ነው። ካላቋረጥሽው በራሱ ጊዜ ከባንክ ካርድሽ ይቆርጣል።»

«የምን ካርድ?» አለችና ስቃ ወጣች።