የመሬት ናዳን በኮምፒውተር ማስላት ሥራ ያስገኛል?

ጥያቄ፦ በሲቪል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ የመሬት መንሸራተትን በቅንጣት ዘዴ (አፈሩን እንደ ብዙ ተንቀሳቃሽ ነጥቦች ቆጥሮ በኮምፒውተር በማስላት) ሲሙሌት የማድረግ ርዕስ ሰጥተውኛል። ርዕሱ ደስ ብሎኛል። ጓደኞቼ ግን «ይሄ ለፒኤችዲ እንጂ ለሥራ አይሆንም፣ ሳይት ብትገቢ ይሻልሻል» ይሉኛል። ፕሮግራሚንግም ብዙ አልችልም። ልግባበት? የትኛውን ዘዴስ ልማር?

መልስ፦ እህቴ፣ ግቢበት። ግን ከዘዴው ይልቅ አፈሩን የምታውቅ ሰው ሆነሽ ውጪ።

በአብዛኛው የምህንድስና ቢሮ ያለው የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር አፈሩን በሜሽ፣ ማለትም እርስ በርስ በተያያዙ ትንንሽ ክፍሎች መረብ፣ ይከፋፍለዋል። መሠረት ጥቂት ሲሰምጥ ወይም የድጋፍ ግንብ ትንሽ ሲገፋ ጥሩ አድርጎ ያሰላል። ተዳፋቱ ተንዶ መቶ ሜትር ሲወርድ ግን ሜሹ ይጣመማል፣ ስሌቱም መሃል ላይ ይቆማል። ስለዚህ «ይናዳል ወይ?» ለሚለው መልስ አለ፤ «ከተናደስ የት ድረስ ይሄዳል?» ሲባል ግን ዝም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሰው ሕይወት ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ብራዚል ውስጥ ብሩማዲንዮ አጠገብ የብረት ማዕድን ዝቃጭ (ብረቱ ከተለየ በኋላ የሚቀር ጭቃ) የያዘ ግድብ ፈረሰ። ጠጣር ይመስል የነበረው ዝቃጭ በቅጽበት እንደ ፈሳሽ ሆኖ ወረደ። ከግድቡ በታች የማዕድኑ ሠራተኞች ቢሮና መመገቢያ አዳራሽ ነበሩ። 270 ሰው ሞተ። በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የማዕድን ዝቃጭ አያያዝ ስታንዳርድ ግድቡ ቢፈርስ ዝቃጩ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ትንተና ይጠይቃል። ይህን ትንተና ደግሞ የሚሠራው ሰው ያስፈልጋል። ጓደኞችሽ ያላዩት ይሄን ነው።

ይህን ጥያቄ የሚመልሱት የቅንጣት ዘዴዎች ናቸው፤ ስለ ምርጫቸው ብዙ አትጨነቂ። ኤስፒኤች (SPH) የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1977 ለከዋክብት ጥናት የተፈጠረ ሲሆን፣ ዛሬ ማዕበልንና ጎርፍን ለማስላት ይመረጣል። ዲኢኤም (ዲስክሪት ኤለመንት ሜተድ) በ1979 የታተመ ነው፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ወይም ጠጠር ለብቻው ይከታተላል። ላንቺ ርዕስ የሚስማማው ግን በ1994 ዲቦራ ሱልስኪና ባልደረቦቿ ያወጡት ኤምፒኤም (ማቴሪያል ፖይንት ሜተድ) ይመስለኛል። እዚህ ላይ ቅንጣቶቹ የአፈሩን ክብደት፣ ፍጥነትና ጭንቀት (በአፈሩ ውስጥ በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈውን ኃይል፣ «ስትረስ») ተሸክመው ይጓዛሉ። ከኋላቸው ያለው መረብ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ በየእርምጃው ይሰላበታል፣ ከዚያ ይጠፋል። መረቡ በየጊዜው አዲስ ስለሚሆን አፈሩ የፈለገውን ያህል ቢፈስ አይጣመምም።

ፕሮግራሚንጉ አያስፈራሽ። በባለ ሁለት ልኬት የሚሠራ ኤምፒኤም በፓይተን በጥቂት መቶ መስመር ይጻፋል። አንድ ጊዜ በእጅሽ ጻፊው፤ ለቴሲሱ ግን የተፈተነ ኮድ ተጠቀሚ።

የራስሽን ኮድ እንደጨረስሽ ወዲያው ናዳ ለመሥራት አትሩጪ። መጀመሪያ 10 ሜትር ቁመት ያለው፣ ከጎንና ከሥር የታጠረ የአፈር ዓምድ በራሱ ክብደት እንዲቀመጥ አድርጊ። የአፈሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 1800 ኪሎ ከሆነ፣ ታች ያለው ቀጥ ያለ ጭንቀት 177 ኪሎፓስካል ገደማ መሆን አለበት። ይሄን በወረቀት ታሰይዋለሽ። ኮድሽ ግን ቅንጣት ከአንዱ የመረብ ክፍል ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ጭንቀቱን ያዘልልብሻል። ያ የታወቀ ችግር ነው፣ መፍትሔም አለው። ለምን እንደሚዘል ገብቶሽ ማስረዳት ከቻልሽ፣ ኢንተርቪው ላይ ከማንኛውም የሚያምር ቪዲዮ ይበልጥልሻል።

ቀጥሎ የአሸዋ ዓምድ በድንገት ሲለቀቅ የት እንደሚደርስ ከታተሙ የላብራቶሪ ሙከራዎች ጋር አወዳድሪ። ርቀቱን በዋናነት የሚወስነው የዓምዱ ቁመት ከመሠረቱ ስፋት ጋር ያለው ምጥጥን ነው። ርቀቱ ከዚህ ምጥጥን ጋር እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳየውን የሙከራዎቹን ኩርባ ኮድሽ ከሰጠሽ እሰየው። ከዚያ ቅንጣቶቹን አቀራርበሽ ድገሚው። በባለ ሦስት ልኬት ርቀታቸውን በግማሽ ስትቀንሺ ብዛታቸው 8 እጥፍ ይሆናል፣ የጊዜ እርምጃውም በግማሽ ያጥራል፤ ሥራው በጠቅላላው 16 እጥፍ ማለት ነው። ኮምፒውተርሽ ይህን ይችል እንደሆነ ቀድመሽ እወቂ። አፈሩ ሲሸራተት ጥንካሬው የሚቀንስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መረቡን በቀየርሽ ቁጥር መልሱም ሊቀየር ይችላል። ይህን ሳያጣሩ ባለቀለም ሥዕል ብቻ የሚያቀርቡ ሰዎች ያናድዱኛል። በዚያ ሥዕል ላይ ተመሥርቶ ቤት የሚሠራ ሰው አለና።

ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ሳይት ግቢ፣ ላብም ግቢ። የአፈሩን ጥንካሬና የውሃ ግፊት ራስሽ ካልለካሽ ኮዱ ውስጥ የምታስገቢው ቁጥር ከየት እንደመጣ አታውቂውም።

ሥራ ስትፈልጊ «ኤምፒኤም ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አታገኚም። የሚጻፈው «ጂኦቴክኒካል ኢንጂነር» ወይም «ኑመሪካል ሞዴሊንግ» ነው። ስለዚህ ሲቪሽ ላይ ከዘዴው ስም በፊት የፈታሽውን ችግር ጻፊ፦ የናዳ ርቀት ግምት፣ በሙከራ የተረጋገጠ። በሮቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፤ የግድብና የማዕድን አማካሪ ድርጅት፣ የባሕር ውስጥ መሠረት ሥራ፣ የሶፍትዌር ኩባንያ። ዲዝኒ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አኒሜሽን ፊልም ላይ በረዶውን ያንቀሳቀሰው በኤምፒኤም ነው።

ርዕሱን ከማጽደቅሽ በፊት አማካሪሽን ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። የናዳው የቅድመና ድህረ መሬት ገጽታ መረጃ አለ? የአፈሩ የላብ ውጤት አለ? ከዚህ በፊት የተሠራበት ኮድና የሚያግዝ ሰው አለ? ሦስተኛው ከሌለ ይከብድሻል፣ ግን ትወጪዋለሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሌሉ ዘዴውን ያዢና መረጃ ያለው ሌላ ናዳ ይመረጥልሽ።