የአያታችሁን ሜዳሊያ ይዛችሁ ለምትመጡ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ልጅ ሱቄ ገባ። ተማሪ ይመስላል። ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየኝ፤ የአያቱ ሜዳሊያ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ያወጣል?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ደህና ዋሉ ያለኝ እንኳ ሲወጣ ነው።

አልተቆጣሁትም። ወርቅና ብር ስሠራ ነው ያረጀሁት፤ እዚህ ሱቅ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው። ብቻ ጥያቄው የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ለሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልጻፈው።

ሙያውን የተማርኩት እዚሁ አዳማ ነው። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ ወናፍ እነፋለሁ፣ ከሰል አቀጣጥላለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ። የወርቅ ቤት ጥራጊ አይደፋም። በጣሳ ይጠራቀምና አንድ ቀን ይቀልጣል፤ ውስጡ ወርቅ አለ። እስካሁን ሚስቴ ሱቁን ስትጠርግልኝ ቆሜ ነው የማያት። «ሌባ አደረግከኝ እኮ» ትለኛለች።

ዘመኑ ንጉሡ የወረዱበት፣ 1967 ነው። ዘውድ ያለበት ነገር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈራ ነበር። ሰው መጀመሪያ የንጉሡን ፎቶ ከግድግዳ አወረደ። ቀጥሎ ተራው የሜዳሊያ ሆነ። ጓሮ የቀበሩ ነበሩ። ወደኛ ያመጡም ነበሩ። ባለሱቁ በሚዛን ይገዛቸዋል። እንዲያውም ጠገራ ብር ይሻለው ነበር፤ ጠገራ ልኩ የታወቀ ነው፣ 28 ግራም፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ሜዳሊያ ግን ማንጠልጠያ አለው፣ መርፌ አለው፣ ኢናሜል አለው። ሥራ ያበዛል።

አንድ ቀን ጥቁር የለበሱ ሴትዮ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ዓመት አልሞላም። ከጉያቸው አንድ ጥቅልል አውጥተው ባንኮኒው ላይ ፈቱት። መጠቅለያው ራሱ ወረቀት ነበር፤ ወፍራም፣ ማኅተም ያረፈበት። ውስጡ ሦስት ሜዳሊያ አለ።

ባለሱቁ አንድ በአንድ መፈተኛ ድንጋዩ ላይ አሸት አሸት እያደረገ አሲድ ጠብ አደረገባቸው። ሁለቱን ወደ ራሱ ሳበ። ሦስተኛውን «ይሄ ነሐስ ነው እናቴ፣ አይሆነኝም» ብሎ መለሰላቸው። እኔ አነሳሁት። አንደኛው ፊቱ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ምልክት አለ። ሪባኑ ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመር ነው። ከላዩ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት ላይ የኮሪያ ስም በኛው ፊደል ተጽፏል። የውጭ አገር ሜዳሊያ ላይ ፊደላችንን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያ ሜዳሊያ ለዘመቱት አገሮች በየቋንቋቸው እንደተሠራ፣ አማርኛም አንዱ እንደነበረ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሴትዮዋ አዩኝ። «ትምህርት ቤት ትገባለህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እስቲ ይቺን አንብብልኝ የኔ ልጅ።»

ወረቀቱን አነሳሁና ክፍል ውስጥ ተነስ ተብሎ እንደሚያነብ ልጅ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ማዕረጉን፣ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ኮሪያ የዘመተውን ጦር ስም፣ ቃኘው ሻለቃ የሚለውን። ስሙ ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። ባለሱቁ ይሄን ጊዜ ከሁለቱ ትልቁን፣ ባለ ጨረሩን ኮከብ፣ በፒንሳ ይዞ አጠፈው። ኢናሜል መስታወት ነው። ቋ አለና አረንጓዴና ቀይ ስብርባሪ ሰንዳኑ ላይ ተረጨ። እኔ ጠርጌ ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ማቅለጫው ውስጥ ገባ፣ ቦራክስ ተነሰነሰበት፣ እኔ ወናፉን ያዝኩ። ብር እስከ 960 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ በወናፍ ክንድ ያዝላል። መጀመሪያ የጨረሮቹ ጫፍ ለዘበ። ከዚያ ከላይ ያለው ዘውድ ወደ ጎን ዘመመ። ከዚያ በቃ፣ የምትንቀጠቀጥ ክብ ሆነ።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። ገንዘባቸውን ቆጥረው ተቀበሉ፣ ነሐሱን በወረቀቱ መልሰው ጠቀለሉና ሄዱ።

ያንን ስም ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ትዝ የሚለኝ «ቃኘው» የሚለው ብቻ ነው። የሴትዮዋን ፊት አስታውሳለሁ፣ የወረቀቱን ውፍረት አስታውሳለሁ፣ ስሙ ግን የለም። ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በራሴ አልፈርድም። ይቆጨኛል ግን። በኋላ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ሲያጫውቱኝ፣ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ሚያዝያ ወደ ጅቡቲ የወረደው በባቡር ነው። በዚችው በኛ ጣቢያ አልፈው ነው መርከብ የተሳፈሩት። ቃኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው፣ የተወሰደ ነው። ኮሪያ ላይ ከ120 በላይ ሰው ሞቶብናል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። እኔ ወናፍ የነፋሁበት ኮከብ ባለቤት ከነዚያ ዘማቾች አንዱ ነበር። የትኛው? እንግዲህ ይሄ ነው ነገሩ።

ስለዚህ ልጆች፣ ሜዳሊያ ስታገኙ መጀመሪያ ስም ጻፉ። የኛ አገር ሜዳሊያዎች አብዛኞቹ ስም የለባቸውም። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳሊያቸው ጠርዝ ላይ የወታደሩን ቁጥር፣ ማዕረግና ስም ያሳርፉ ነበር፤ መቶ ዓመት ቆይቶም ሰውየው ይገኛል። የኛ ግን ከወረቀቱ የተለየ ቀን ያልቃል። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ጠይቁ፤ የትኛው ክፍል፣ የት ግንባር፣ አዛዡ ማን ነበር። ቀድታችሁ አስቀምጡ። ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ የምትቀርጹ ልጆች አያታችሁን አንድ ሰዓት መቅረጽ እንዴት ያቅታችኋል?

ከሞቱ ደግሞ የድሮ ፎቶ ፈልጉ። ፎቶ ቤት ገብተው ደረታቸውን ነፍተው የተነሱት አይጠፋም። ጥቁርና ነጭ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ የሪባን መስመር በጥቁርና ነጭም ይቆጠራል። የኮሪያው የተባበሩት መንግሥታት ሪባን 17 መስመር አለው፣ 9 ሰማያዊ፣ 8 ነጭ። በአጉሊ መነጽር ተቀምጬ ቆጥሬ ያገኘሁት አለ። ከ1933 ጀምሮ የወጣውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ የሚያገላብጥም ሽልማት ማን እንደተቀበለ ያገኛል። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሂዱ። አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያም አለ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጉግል ላይ የለም ብላችሁ አትተዉት።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውንማ አታንሱብኝ። አንዱ «ከዓድዋ ጦርነት የተገኘ ሜዳሊያ» ብሎ ለጥፎ አየሁ። ፊቱ ላይ ያለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ነው። ዓድዋ ሲሆን ተፈሪ መኮንን አራት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም! ደግሞ ሁሉንም «ኒሻን» ይሉታል። ኒሻን ደረጃ አለው፤ የሰሎሞን ማኅተም አለ፣ አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1874 ያቆሙት። የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ አለ፣ አምስት ደረጃ ያለው። ተራው ወታደር ደረት ላይ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ሜዳሊያ ነው።  ይቺን መለየት ከባድ አይደለም።

የውሸቱን ለመለየት የሙያዬን ልንገራችሁ። እውነተኛው በማተሚያ የተመታ ነው፤ ፊደሉ ጠርዙ ስለት አለው። የውሸቱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። በአጉሊ ስታዩት ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ አለው፣ ፊደሉም የተላሰ ይመስላል። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከእውነተኛው ተቀድቶ የፈሰሰ ቅጂ በጥቂቱ ያንሳል። እውነተኛውን አጠገቡ አድርጋችሁ ለኩ። ጀርባውንም እዩ። አዲስ አበባ ይሠራ የነበረው አርመናዊ ጌጥ ሠሪ ሴቫጂያን ስሙን ያሳርፍ ነበር፤ ለንደን በማፒን ኤንድ ዌብ የተሠሩም አሉ። ስም አለ ማለት ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ስምም ይቀዳል።

እና እባካችሁ አትወልውሉት። ሎሚ፣ አመድ፣ ብራሶ የሚባለው የብረት መወልወያ፣ ምንም። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። ዕድሜ ልኩን ወርቅና ብር ሲወለውል የኖረ ሰው ይሄን ሲል ይገርማል፣ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ወታደሮቹ ራሳቸው ብራሶ ይወዱ ነበር። ፊቱ እስኪጠፋ ያበሱት ሜዳሊያ አለኝ። ሰብሳቢዎች «ያለቀ ነው» ብለው ዋጋ ይጥሉበታል። እኔ በገንዘብ አልለውጠውም። ሰውየው ለሰልፍ ሲሰናዳ ይታየኛል። እናንተ ግን አትንኩት፤ የሱ መወልወል ሌላ፣ የናንተ ሌላ።

መሸጥ አለብን ወይ ለምትሉኝ፣ አትሽጡ እላለሁ። ግን እውነቱን እናውራ። ከማቅለጫ የተረፈውን ብዙውን ሜዳሊያ ያተረፉልን ነጋዴዎች ናቸው። አንቲካ ነጋዴ ባይኖር የኔ ባለሱቅ ሁሉንም ያቀልጠው ነበር። እኔም ሳጥኔ ውስጥ ያለውን ያገኘሁት ገዝቼ ነው። ስለዚህ የቸገረው ይሽጥ፤ ከነወረቀቱ፣ ከነፎቶው፣ የሰውየውን ስም ጽፎ። ወረቀቱን ለብቻ፣ ሜዳሊያውን ለብቻ የሚገዛ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ። ለቱሪስት ሸጬ በሻንጣ ይወጣል የምትሉ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባል አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቀልድ አይደለም።

አቀማመጥ ለጠየቃችሁኝ፣ በላስቲክ አትጠቅልሉ፤ ላስቲክ እርጥበት ይይዛል፣ ነሐሱንም አረንጓዴ ያደርገዋል። ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ሪባኑን ፀሐይ አያግኘው፣ እንዳይታጠብም። አንድ ጎረቤታችን የአባቷን በኦሞ አጥባ ሰማያዊው ነጩ ላይ ገብቶበት መጣች፤ ምንም ላደርግላት አልቻልኩም።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልይዝም። ያላችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አጉሊው አለ፣ ሚዛኑ አለ፣ አብረን እናያለን። አልከፍልም፣ አላስከፍልም።