የሱፐርማርኬቱ ርካሽ ፒዛ ለቤተሰብ እራት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ተረኛ ስለሆንኩ፣ ልጆቹ እራት እንዳያጡ ሱፐርማርኬቱ በራሱ ስም የሚሸጠውን የፍሪዘር ፒዛ እገዛለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ያህል እራታችን እሱ ነው። ዋጋው ከታወቀው ፒዛ በጣም ይቀንሳል፤ እህቴ ግን «ርካሹ ቺዝ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው» ትለኛለች። ባለቤቴ የደም ግፊት ክኒን ይወስዳል። ወንዱ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 7። ረቡዕና ዓርብ የጾሙን ፒዛ እገዛለሁ። ካርቶኑ ላይ «የአንድ ሰው ድርሻ የፒዛው አንድ አምስተኛ፤ 330 ካሎሪ፣ ሳቹሬትድ ስብ 7 ግራም፣ ሶዲየም 680 ሚሊ ግራም» ይላል። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሮቹን ጽፈው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። አብዛኛው ሰው የሚልክልኝ የካርቶኑን የፊት ገጽ ፎቶ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከቲማቲምና ከባሲል ቅጠል ሥዕል በስተቀር የሚነበብ ነገር የለም።

ከእህትዎ ክስ ልጀምር። ሱፐርማርኬት በራሱ ስም የሚሸጠው ምግብ ብዙውን ጊዜ የሚመረተው ለሌሎችም በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ነው። ዋጋውን የሚያወርደው በአብዛኛው የማስታወቂያ ወጪ አለመኖሩ ነው። የይዘት መግለጫ ሕጉም ለሁለቱም አንድ ነው፤ የገቡት ነገሮች በክብደት ከብዙው ወደ ትንሹ በቅደም ተከተል መጻፍ አለባቸው። ስለዚህ ካርቶኑን ገልብጠው የቺዙን ዝርዝር ያንብቡ። ወተት፣ እርሾ ባክቴሪያ፣ ጨውና ኢንዛይም የሚል ከሆነ ቺዝ ነው። የፓልም ዘይትና ስታርች ከገባበት ግን የቺዝ ምትክ ነው፤ ፕላስቲክ ባይሆንም እኔ አልገዛውም። ቀድሞ ለልብ ሕመም ያጋልጥ የነበረው በከፊል በሃይድሮጅን የረጋ ዘይትም ዛሬ ሊያሳስብዎት አይገባም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ለምግብ አይሆንም ብሎ ወስኖበት፣ ከ2018 ጀምሮ ከምርት እየወጣ ሄዷል።

ስለዚህ የምርቱን ስም እንተወውና ወደ ሶዲየሙ፣ ማለትም ጨው ውስጥ ወዳለውና ሲበዛ የደም ግፊት ወደሚጨምረው ንጥረ ነገር፣ እንሂድ። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ፒዛን አምስት ቦታ የሚቆርጥ ቤተሰብ አላውቅም። ሁላችንም ስምንት ነው የምንቆርጠው። የእርስዎ ፒዛ በሙሉው 3,400 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለበት፤ ለስምንት ሲካፈል አንዱ ቁራጭ 425 ይደርሰዋል። የ11 ዓመት ልጅ ሲርበው አራት ቁራጭ ያለ ችግር ይበላል፤ ያ 1,700 ሚሊ ግራም ነው። በአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ከ9 እስከ 13 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑ ጣሪያ 1,800 ነው። ቁርሱና የትምህርት ቤት ምሳው ገና አልተቆጠሩም። ልጅዎ ሁለት ቁራጭ ብትበላ 850 ይሆናል፤ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ ጣሪያው 1,500 ነው። ለአዋቂ 2,300 ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አዋቂዎች ከ2,000 በታች እንዲሆኑ ይመክራል። ስቡም ከዚህ አይሻልም፦ አራቱ ቁራጭ 17.5 ግራም ሳቹሬትድ ስብ፣ ማለትም እንደ ቅቤ የሚረጋው ለልብ የማይመከር ስብ፣ አለው፤ ካርቶኑ ለአዋቂ የቀን ገደብ አድርጎ የሚያሰላው 20 ግራም ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆመው ይህን ሁሉ ማስላት አይጠበቅብዎትም። እኔ የምጠቀምበት ቀላል መንገድ ሶዲየሙን ከካሎሪው ጋር ማስተያየት ነው። የሶዲየሙ ቁጥር ከካሎሪው እጥፍ ካለፈ ወደ ፍሪዘሩ እመልሰዋለሁ። የእርስዎ 680 ለ330 ነው፤ በጥቂቱ አልፏል። ሌላ ካርቶን ያንሡና ያወዳድሩ፤ ነገር ግን የአንዱ ድርሻ አንድ አራተኛ፣ የሌላው አንድ ስድስተኛ ሊሆን ስለሚችል ከጎኑ ያለውን ግራም ማየት አይርሱ። ድርሻውን በማሳነስ ብቻ ጤናማ የሚመስል ፒዛ አለ። በአበባ ጎመን ሊጥ የተሠራውም ዋጋው ከመወደዱ በቀር ጨው የሚቀንስበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሥጋ ያለበትን ይተዉት። ፔፐሮኒ አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማና የበሬ ሥጋ ድብልቅ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ለልጆቻቸው የሚያበሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከሃይማኖቱ ጉዳይ ባሻገር፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ጋር መድቦታል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል ብሏል። አንድ ቀን የበላ ይታመማል ማለት አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ቀን የሚደጋገም ልማድ ግን ሌላ ነው።

ስለ ጾሙ ፒዛ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የወተት ተዋጽኦ የሌለበት ቺዝ በአብዛኛው የሚሠራው ከኮኮናት ዘይትና ከስታርች ነው። የኮኮናት ዘይት ሳቹሬትድ ስቡ ከቅቤ ይበልጣል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። ለጾሙ ቀን ዳቦ ወይም ቂጣ ላይ የቲማቲም ድልህ፣ ሽንኩርት፣ እንጉዳይና ቃሪያ አድርገው ኦቨን ውስጥ ቢያስገቡት ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሽሮው ነው፤ ጨው እስካላበዙበት ድረስ።

እንግዲህ ልቀጥል ወይ ላሉኝ፦ ሦስቱን ቀን ወደ አንድ፣ ቢበዛ ወደ ሁለት ያውርዱት። ቺዝ ብቻ ያለበትን ይግዙና ኦቨን ከመግባቱ በፊት እንጉዳይ፣ ሽንኩርትና ስፒናች ይበትኑበት። የሚበዛው ሥራ የሚሠራው ግን ከፒዛው በፊት በሚቀርበው ሳህን ነው። ልጆቹ ርቧቸው ሲጠብቁ ኪያር፣ ካሮት ወይም የምስር ሰላጣ ቢቀርብላቸው ይበሉታል፤ ከፒዛው በኋላ ቢቀርብ ማንም አይነካውም። ያኔ አራቱ ቁራጭ ወደ ሁለት ይወርዳል። እርስዎ ሥራ ላይ ሆነው ልጁ ራሱ የሚያሞቀው ከሆነ ደግሞ ቺዙ ስለቀለጠ ብቻ እንዳያወጣው ይንገሩት። ከእነዚህ ፒዛዎች ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ያልበሰለ ሊጥ ስላላቸው መሐሉ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአሜሪካኑ 165 ፋራናይት መድረስ አለበት።

ባለቤትዎ አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ሊበሉ ይችላሉ፤ የዚያን ዕለት ሌላው ምግባቸው ግን ጨው የቀነሰ ይሁን። ጨው የበዛበት ምግብ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችን ያደክማል፤ ክኒኑ አልሠራም ተብሎ መጠኑ ከፍ የተደረገላቸውና ችግሩ ማዕዱ ላይ የነበረ ታካሚዎች አሉኝ። «ሶዲየም የቀነሰ» የሚል ፒዛ ካገኙ ዝርዝሩ ውስጥ በጨው ምትክ የሚገባው ፖታሲየም ክሎራይድ መኖሩን ይመልከቱ። እንደ ሊሲኖፕሪል ያለ የግፊት ክኒን ለሚወስዱ ወይም ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ፖታሲየም ሊጠራቀም ስለሚችል አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስም ጠዋትና ማታ ግፊታቸውን ቤት ውስጥ ለክተው፣ ፒዛ የበሉበትን ቀን ምልክት አድርገው ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ።